ከወናፍ እስከ ቶርኖ፤ የብረት ሥራ ታሪክ በሐረር ከተማ

ስለ ሐረር የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ስለ ግንቡና ስለ በሮቹ፥ ስለ መስጊዶቹና ስለ ዑለማዎቹ፥ ስለ ቡናውና ስለ ጫቱ፥ ሌሊት ከግንቡ ውጭ ስለሚቀለቡት ጅቦች እንኳ ሳይቀር ብዙ ሰዎች ጽፈዋል። ግንቡን በ16ኛው ምዕተ ዓመት ያሠራው የአሚር ኑር ስም በከተማው ልጅ ሁሉ አፍ አለ። ነገር ግን ለግንቡ ድንጋይ የጠረበው መዶሻ፥ ለበሮቹ ማጠፊያና መቀርቀሪያ የሆነው ብረት፥ ማሳውን የሚቈፍረው ዶማ ከማን እጅ እንደ ወጣ የጠየቀ ጸሐፊ እምብዛም አይገኝም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሐረር ለብዙ ዘመን የንግድ ከተማ፥ የቀጥቃጭና የብር አንጥረኛ አገር ሆና ሳለ፥ ዘመናዊው የብረት ሥራ መኪና ስለ ምን በእርሷ ሳይሆን ከተራራው ሥር በድሬዳዋ ተተከለ? ሁለተኛውም፥ ቶርኖው ከመጣ በኋላ የቀጥቃጩ ዕውቀት የት ገባ? ብዙ ሰው ጠፋ ይላል። እኔ ግን በዚያው በቶርኖ ቤት ውስጥ፥ ስሙን ለውጦ እንደ ተቀመጠ ለማሳየት እሞክራለሁ።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. በገና ሰሞን ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ተቀምጧል። በአሚሩ እልፍኝ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓይነት ብረት ተሰቅሎ እንዳየ ይነግረናል፤ በክር እሳት የሚተኰሱ አሮጌ ጠመንጃዎችና የእግር ብረቶች። ጠመንጃዎቹ ዝገዋል፤ የእግር ብረቶቹ ግን ተወልውለው ያበራሉ። በርተን ይህን የጻፈው የአሚሩን አስፈሪነት ለአንባቢው ለማሳሰብ ነበር። እኛ ግን ነገሩን ከሌላ በኩል ልናየው እንችላለን። የእግር ብረት የአገር ቀጥቃጭ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ ቢሰበር በማግሥቱ ይጠገናል። ጠመንጃ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ፥ ጠምዛዛ ብረቱና ምላጩ እርስ በርሱ በልክ የተገጠመ ዕቃ ነው። ዝገቱ የስንፍና ብቻ ሳይሆን የልክም ጉዳይ ይመስለኛል። ይህን የልክ ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቀጥቃጩን ሐረሬውም ኦሮሞውም «ቱምቱ» ይለዋል፤ ሱማሌው «ቱማል» ይለዋል። በኦሮምኛ «ቱሙ» ማለት መምታት፥ መቀጥቀጥ ነው። የአማርኛው «ቀጥቃጭ»ም ከዚሁ ሐሳብ የወጣ ነው። እንግዲህ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ሠራተኛው የሚጠራው በሚሠራው ዕቃ ሳይሆን በክንዱ ሥራ ነው። ሥራው መታየት ያለበት ግን ከመምታቱ በፊት ባለው ነው። ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ ጐን ለጐን ይቀመጣል፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው አየር ይስባል፤ በዚህ ተራ ነፋሱ ሳይቋረጥ በሸክላው አፍ በኩል ወደ ከሰሉ ይገባል። ብረቱ ሲግል ቀጥቃጩ የሚያነበው ቀለሙን ነው። ስለት የሚይዝ ብረት እንደ በሰለ ቡና ፍሬ ሲቀላ፥ ማለት በዛሬው አቈጣጠር 750 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፥ በውሃ ይነከራል። በዚህ ጊዜ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ ፊቱ ተፈትጎ እንደገና ቀስ ብሎ ይሞቃል። በ230 ዲግሪ ገደማ የገለባ ቢጫ ቀለም ብቅ ይላል፤ በ300 ገደማ ሰማያዊ ይሆናል። ለቢላዋ ቢጫው፥ መታጠፍና መመለስ ለሚገባው ዕቃ ሰማያዊው ይመረጣል። ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር የለውም። ወናፉን በጥላ ቤት ውስጥ የሚያደርገው ፀሐይ ቀለሙን እንዳታጠፋበት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ቤቱን «ጨለማ» ብሎ ያማዋል።

ሐሜቱ በዚህ አያበቃም። ከሐረር አምስት የጥንት በሮች አንዱ በሐረሪ ቋንቋ በድሮ በሪ ሲባል በአማርኛ ቡዳ በር ይባላል፤ ቡዳ ደግሞ በአገራችን በብዙ ቦታ በቀጥቃጭ ላይ የሚለጠፍ ስም ነው። እሳት የሚገዛ ሰው በዓይኑም ይበላል ተባለ። ያው ሕዝብ ግን ያለ ማጭዱና ያለ ዶማው አንድ ክረምት ማለፍ አይችልም።

ከብረት ቀጥቃጩ ሌላ በከተማው ውስጥ የብርና የናስ ሠሪ ነበር፤ እርሱ ከስድቡ በመጠኑ የተረፈ ይመስላል። የሐረር አሚሮች መሐለቅ የሚባል የራሳቸው ትንሽ ገንዘብ ነበራቸው፤ ምኒልክም ከተማውን ከያዙ በኋላ በ1885 ዓ.ም. በዚያው ስም ትንሽ የብር ገንዘብ በሐረር ተመቷል። ገንዘብ መምታት ከሌላው የብረት ሥራ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ እያንዳንዱ ከሌላው ጋር እኩል መሆን አለበት። በእጅ በመዶሻ የተመታ መሐለቅ ግን ጠርዙም ውፍረቱም አይተካከልም፤ ገበያው የሚቀበለው በማኅተሙ ነው። ትልቁ ገንዘብ የማሪያ ቴሬዛ ብር ሲሆን አንጥረኛው ለሴቶች ጌጥ የሚያቀልጠውም እርሱን ነበር። በአውሮፓ መኪና በትክክል ተመትቶ የመጣው ብር በሐረር ምድጃ ቀልጦ እንደገና አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል አምባር ይሆን ነበር ማለት ነው።

በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር በራዑፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን ያዘ፤ እስከ 1877 ዓ.ም.ም ቈየ። ስለዚህ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚወሳው ግብሩና ሃይማኖቱ ነው። ለኛ ጉዳይ ግን የሚበልጠው ወታደሩ በትከሻው የያዘው ሬሚንግተን ጠመንጃ ነው። ይህ ጠመንጃ በአሜሪካ በመኪና የተሠራ ሲሆን የአንዱ ምላጭ ከሌላው ላይ ቢገጠም እንዲሠራ ታስቦ የተሰናዳ ነው። ቀጥቃጭ አንድ መቀርቀሪያ ሲሠራ ለዚያ ለአንዱ በር ብቻ ነው፤ ወደ ጎረቤት በር ቢወስዱት አይገባም። ሬሚንግተን ግን በሺህ ለሚቈጠር ጓደኛው ሁሉ መለዋወጫ ነው። በሐረር ምድር በብዛት የገባ የመጀመሪያው ተለዋዋጭ የብረት ዕቃ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚሁ ዘመን ጋር የተያያዘ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ወደ ሐረር ከመሄዱ በፊት በ1873 ዓ.ም. በኅዳር አካባቢ ከኤደን ወደ ቤተ ሰቡ በላከው ደብዳቤ የመጻሕፍት ዝርዝር አስይዞ ነበር። ዓለም ይህን ሰው የሚያውቀው በቅኔው ነው፤ እርሱ ግን የፈለገው የብረት ማዕድን ሥራ፥ የቁልፍ ሠሪ፥ የማንኛውም ብረት ቀላጭ፥ የሠረገላ ሠሪ፥ የጠመንጃ ጠጋኝ መማሪያ መጽሐፍ ነበር። ሐረር ከገባ በኋላም በዚያው ዓመት በጥር በፓሪስ ወደሚገኝ የልክ መሣሪያ ሠሪ ጽፎ የዕቃውን ዝርዝር ጠይቋል። ራምቦ በኋላ የታወቀው በቡና፥ በቆዳና በጠመንጃ ንግድ እንጂ በእጅ ሙያ አይደለም፤ ወደ ሸዋ ያመጣውን ጠመንጃ ዋጋም የተቀበለው በሐረር በራስ መኰንን በኩል በተላለፈ ክፍያ ነበር። ሆኖም ዝርዝሩ ራሱ ምስክር ነው። አንድ ነጋዴ በሐረር ለመኖር ሲያስብ የጐደለው ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ የጐደለው ክንድ ወይም እሳት አልነበረም፥ የጐደለው ልክ ነበር።

በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂ ተሸንፈው ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፤ ራስ መኰንንም እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1898 ዓ.ም. ገዟት። በዚህ ዘመን ከባሕር በር የሚመጣው ጠመንጃ ብዛቱ እየጨመረ ሄደ። ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ጠመንጃ ልዩ ልዩ ጥይት ይፈልጋል። ይህ ችግር ኋላ በብሎን ላይ የምናየው ችግር ታላቅ ወንድም ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐሳቡ መስመሩ ሐረርን እንዲነካ ነበር። ነገር ግን ከቈላው ወደ ሐረር የሚያስወጣው የደንገጎ ተራራ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ስትል ደንገጎ ላይ ሲደረስ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሐረር እንደገና ወረድ ብላ በ1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። የ1 ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ይህን አቀበት ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ኩባንያው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ሥር በተቈረቈረችው በአዲሲቱ ከተማ ቆመ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐረር በአንድ የአቀበት ስሌት ምክንያት የምድር ባቡሩን አጣች፤ ከባቡሩም ጋር የመኪና ቤቱን አጣች።

ምክንያቱም የምድር ባቡር ያለ መጠገኛ ቤት አንድ ወር አይሄድም። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር መስመር መካከለኛው ማረፊያ ድሬዳዋ ስለሆነ ትልቁ መጠገኛ እዚያ ተሠራ። የቀድሞዎቹ የድሬዳዋ ሰዎች ባቡሩን በፈረንሳይኛ ስሙ «ሸሚን ደፈር» ይሉታል። በዚያ ቤት የተሠራውን ሥራ ሁሉ መዘርዘር አይቻልም፤ ሁለቱን ብቻ ላንሣ።

አንደኛው የመንኰራኵር ሥራ ነው። የባቡር መንኰራኵር በሐዲድ ላይ እየሄደ ጠርዙ ይበላል፤ ቅርጹ ሲለወጥ ባቡሩ በጠመዝማዛ ላይ ከሐዲድ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ መንኰራኵሮች ከእነ ዘንጋቸው ወደ ትልቅ ቶርኖ ይገባሉ። ከአንዱ የተላጠው ያህል ከሌላውም መላጥ አለበት፤ አንዱ ቢያንስ መንኰራኵሮቹ በአንድ ዘንግ ላይ ስለሚዞሩ አንዱ ሌላውን ይጐትታል። ሁለተኛው የዘንግ ማረፊያ ሥራ ነው። ዘንጉ የሚዞርበት ቦታ ከቆርቆሮ፥ ከአንቲሞኒና ከመዳብ በተቀላቀለ ለስላሳ ነጭ ብረት ተቀልጦ ይፈስስበታል፤ ከዚያ በቶርኖ ይሰፋል፤ በመጨረሻም ዘንጉ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ይጋደምበታል፤ ቀለሙ የነካው ጕብታ በእጅ ይፋቃል፤ እንደገና ይቀባል፤ እንደገና ይፋቃል። አንባቢ ልብ ይበል። መኪናው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የሰው እጅ ነው። ይህን ሥራ የተማሩት የአገር ልጆች ትምህርታቸው በፈረንሳይኛ፥ ፈተናቸው በዘንጉ ሙቀት ነበር፤ ዘንጉ በመንገድ ላይ ከጋለ ወድቀዋል።

በ1940ዎቹ ዓመታት ዲዝል ባቡር እየገባ የእንፋሎቱ ዘመን ማለፍ ጀመረ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ተመረቀ፤ ጣቢያውም ከአሮጌው ከተማ ውጭ ሆነ። አሮጌው መጠገኛ ከእነ መኪናዎቹ የዘመኑ መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል።

በሐረር ግንብ ውስጥ ግን መኪና ጨርሶ አልገባም ማለት አይደለም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ስሙ የወጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ከተማይቱ የመኪናን ድምፅ የመንገድ ስም እስክታደርገው ድረስ ወዳዋለች። የስፌት መኪናም ይሰበራል፤ ትንሽ መቀርቀሪያው ወይም መርፌ መያዣው ሲያልቅ ጠጋኝ ይፈልጋል። ነገር ግን ይህ በሞረድና በጉጠት የሚደረስበት ሥራ ስለሆነ ቶርኖ እስኪመጣ አላስጠበቀም።

ቶርኖ በሐረርና በአካባቢው በስፋት የታወቀው በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ቀጥሎ ነው። ጣሊያኖች ሐረር የገቡት በሚያዝያ መጨረሻ 1928 ዓ.ም. ሲሆን በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ወጥተዋል። አምስት ዓመት ለታሪክ አጭር ነው፤ ለጭነት መኪና ግን ረጅም ነው። መንገድ፥ ጋራዥና መካኒክ ተከትሎ መጣ፤ ከሽንፈቱም በኋላ በሙያቸው የቀሩ ጣሊያናውያን ነበሩ። የዚህን ማስረጃ ከመዝገብ ቤት ይልቅ ከሠራተኛው አፍ ማግኘት ይቀላል። ወናፍ፥ መስፍ፥ ጉጠት፥ መዶሻ የአገር ቃላት ናቸው። ሞረድ ከዐረብ የመጣ ነው። ጋራዥና ማርሽ የፈረንሳይ ናቸው። ቶርኖ፥ ላሜራ፥ ብሎን፥ ዳዶ፥ ፒንሳ፥ ካቻቢቴ፥ ኩሽኔታ፥ ባሌስትራ፥ ሠራተኛው የሚለብሰው ቱታ ሳይቀር የጣሊያን ናቸው። በኋላ ግራይንደርና ዌልዲንግ ከእንግሊዝኛ ገቡ። አንድ የሚያስደንቅ ነገር ግን አለ። ስሞቹ ከውጭ ሲመጡ ግሦቹ የአገር ሆነው ቀሩ፤ መቅረጽ፥ መሞረድ፥ መብሳት፥ መሳል፥ መበየድ። በመብራት ኃይል ብረት የሚያያይዘው ሰው በያጅ ይባላል፤ ቃሉ ከእርሱ በፊት ብርን ከብር በእሳት ያጣበቀው አንጥረኛ ነበር። ዕቃው ተቀየረ፤ ድርጊቱን የሚጠራው አፍ ግን ያው ነው።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ችግር የብሎን ጥርስ ነው። ይህ ለማያውቀው ሰው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ቶርኖ ቤት ውስጥ ግን ስንቱን ያበላሸ ጉዳይ ነው። የምድር ባቡሩና የጣሊያን መኪናዎች በሜትር ልክ የተሠሩ ናቸው። እንግሊዞች ይዘውት የመጡት በኢንች ነው፤ ጥርሱም ዊትወርዝ የተባለው መሐንዲስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1841 ያወጣው ነው። ቀጥሎም በ1944 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት መሠረት ከኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ በመጡ መምህራን እርዳታ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ መጀመሪያ በጅማ ተከፍቶ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሐረር ብዙ ወደማይርቀው ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነው። ከኮሌጁ ጋር የአሜሪካ እርሻ መሣሪያ መጣ፤ እርሱም በኢንች ነው፤ ነገር ግን የእንግሊዙ ኢንች አይደለም።

ግማሽ ኢንች ብሎን እንውሰድ። ውፍረቱ በሁለቱም 12.7 ሚሊሜትር ነው። በእንግሊዙ በአንድ ኢንች ርዝመት 12 ጥርስ አለ፥ የጥርሱም ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው። በአሜሪካው 13 ጥርስ፥ ማዕዘኑም 60 ዲግሪ ነው። በዓይን ቢያዩአቸው መንትዮች ናቸው። የአንዱን ዳዶ በሌላው ብሎን ላይ ቢያስገቡት አንድ ሁለት ዙር እሺ ብሎ ይሄድና ይነክሳል። ልጅ ሠራተኛ «ዝገት ነው» ብሎ በኀይል ሲያጠብቀው ጥርሱ ይላጣል። በደንገጎ ቍልቍለት የጭነት መኪና ይዞ ለሚወርድ ሹፌር ይህ የሒሳብ ጥያቄ አይደለም።

የኢንችን ጥርስ በሜትር ቶርኖ ለማውጣትም ብልኀት ያስፈልጋል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው። ይህን ቍጥር በሙሉ ጥርስ የሚገልጽ ትንሹ ማርሽ ባለ 127 ጥርስ ነው፤ 25.4 አምስት ጊዜ 127 ይሆናልና። 127 ደግሞ ለሌላ ቍጥር የማይከፈል ስለሆነ በትንሽ ማርሽ መተካት አይቻልም። ይህን ማርሽ የያዘ ቶርኖ ቤት ሁለቱንም ዓለም ያገለግላል፤ የጠፋበት ግን በቅርብ ቍጥር እየተጠጋ ይሠራል። የተጠጋው ጥርስ ለአጭር ዳዶ ይበቃል፤ ለረጅም ብሎን ግን ስሕተቱ በየጥርሱ እየተጠራቀመ ይያዛል።

በአውሮፓ መጻሕፍት የመኪና ቤት ሲገለጽ ሥራው የሚጀምረው ከሥዕል ነው፤ መሐንዲሱ ይሥላል፥ ሠራተኛው ያንን ልክ ያወጣል፥ አንድ ሺህ አንድ ዓይነት ዕቃ ይወጣል። እኛ አገር ግን የሚጀምረው ከስባሪ ነው። ባለፈው ዓመት በሐረር ከግንቡ ውጭ ባለ አንድ ቶርኖ ቤት ጥቂት ቀን ተቀምጬ ነበር። አንድ ሰው ከገጠር የእህል ወፍጮ ሻፍት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በአህያ፥ ቀጥሎ በሚኒባስ አምጥቷል። ወፍጮው ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ በመንደሩ ያሉ እናቶች ወደ እጅ ወፍጮ እንደ ተመለሱ ሲናገር ያፈረ ይመስል ነበር። ሻፍቱ በኩሽኔታው ማረፊያ ላይ አንድ ሚሊሜትር ያህል ተበልቷል። ሥዕል የለም፤ የፋብሪካው ስም ተፍቋል። የተረፈው ሰነድ በአሮጌው ኩሽኔታ ጠርዝ ላይ ያለው ቍጥር ብቻ ነው፤ 6208። ይህ ቍጥር የውስጡ ስፋት 40 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። አራት አኃዝ ከዓለም ሌላ ጫፍ ልክን ይዞ መጣ።

የሻፍቱ ብረት ዓይነት ግን አልተጻፈም። ሠራተኛው፥ ዕድሜው ከሃያ አምስት የማይበልጥ ልጅ፥ ጫፉን ወደ ሚሽከረከረው ሞረድ ድንጋይ አስጠጋና ብልጭታውን ተመለከተ። ለስላሳ ብረት ረጅምና ቅርንጫፉ ጥቂት የሆነ ብልጭታ ይሰጣል፤ ካርቦን የበዛበት ብረት እንደ ኮከብ ይፈነዳል፤ ፈሰስ ብረት አጭርና ቀይ ነው። የዚህ መካከለኛ ነበር። ስለዚህ በብየዳ ሲሞላው አስቀድሞ አሞቀው፤ አንድ መስመር ከላይ ከበየደ ቀጣዩን ከተቃራኒው ጐን አደረገው፤ አለዚያ ሻፍቱ ወደ ጋለው ጐን ይጐብጣል። ሲጨርስ ውሃ አላስነካውም፤ ከአመድ ውስጥ ቀብሮ እስከ ማግሥቱ ተወው። ቶሎ የቀዘቀዘ ብየዳ ከሥሩ ይሰነጠቃልና።

በማግሥቱ ሻፍቱ ወደ ቶርኖው ገባ። ቶርኖው ራሱ ሽማግሌ ነው። በብዙ ዓመት ሥራ መንሸራተቻው ከመንጋጋው አጠገብ ስለ ተበላ የሚቀርጸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሾጥጣል። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ በሁለቱ ጫፍ ለክቶ ልዩነቱን በቀጭን ሞረድና በሸካራ ወረቀት ያመጣጥን ነበር። የሚፈልገው ከ40 ሚሊሜትር በአንድ መቶኛ ወይም በሁለት መቶኛ የሚበልጥ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ኩሽኔታው ይሽከረከራል፥ ከበለጠ ይታነቃል። በመካከሉ መብራት ጠፋ። ልጁ አንድ ሰከንድ ሳይቈይ መቁረጫውን ወደ ኋላ ሳበ፤ መቁረጫው ብረት ውስጥ እንደ ተተከለ ሻፍቱ ቢቆም ጫፉ ይሰበራል፥ በሻፍቱም ላይ ጠባሳ ይቀራል። መብራቱ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ባለ ወፍጮው ተነሥቶ ቆመ፥ ተቀመጠ፥ እንደገና ተነሣ። ከሰዓት በኋላ አዲሱ ኩሽኔታ በዘይት ውስጥ ሞቆ ሰፋ፤ በእጅ ተገፍቶ ገባ፤ ሲቀዘቅዝ ያዘ።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ውስጥ የፋብሪካው የሆነው ምንድን ነው? ቍጥሩና ማይክሮሜትሩ ነው። ብልጭታውን ማንበብ፥ ብረቱን በአመድ ማሳደር፥ የተበላሸውን መሣሪያ ጠባይ አውቆ መታገሥ፥ ከስባሪው ተነሥቶ ሙሉውን በሐሳብ ማየት፥ ይህ ሁሉ ከወናፍ ቤት የመጣ ነው። በአውሮፓ ልክ ቀጥቃጩን አስወጣው። እዚህ ግን የመለዋወጫ እጥረት ቀጥቃጩን ቱታ አልብሶ ወደ ቶርኖው አስገባው።

መንገዱም የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በሸዋ በር አጠገብ ባለው ገበያ ብረት የሚቀጠቅጡትን ሰዎች ያየ ሰው ከቶርኖ ቤት የተጣለው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ካርቦን ያለው ብረት ስለሆነ ውሃ ይቀበላል፤ ማጭድ፥ ቢላዋና መጥረቢያ ይሆናል። በርሜልና ላሜራ ምድጃና መጥበሻ ይሆናል። ቀጥቃጩ ዛሬ ብረት ከአፈር አያቀልጥም፤ የማዕድን ጕድጓዱ የመኪና መንገድ ነው።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ በጊዜው ታላቅ ነገር ነበር፤ ስድቡ ግን እንደ ዝገት ከሥር እየወጣ ቈይቷል። የሚገርመው ቶርኖ ሠራተኛን ማንም ቡዳ ብሎት አያውቅም። ብረት ይነካል፥ እሳት ይነካል፥ ከዝገትና ከጥቀርሻ ጋር ይውላል፤ ግን የወር ደመወዝ አለው፥ መሣሪያው ከውጭ የመጣ ነው፥ ስሙም የውጭ ነው። ስድቡ ያረፈው በእሳቱ ላይ ሳይሆን በዘር ላይ እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

ልጁን ብረቱን በአመድ ማሳደር የት እንደ ተማረ ጠየቅሁት። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት እንደ ቈየ ነገረኝ፤ ቀጥሎም፥ «አመዱን ግን ከአያቴ ነው» አለ። አያቱ ምን ይሠሩ እንደነበር ስጠይቀው ቶርኖውን አስነሣና ድምፁ ሸፈነን። ጥቂት ቈይቶ፥ መቁረጫውን ሳያነሣ፥ ጮኾ፥ «ቱምቱ ነበር» አለኝ።